ስልኩን የማይዘጉት እናት፦ የወይዘሮ አስቴር ዋቅቶላ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አስቴር ዋቅቶላ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅቶላ ጉደታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ ሆርዶፋ ሚያዝያ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በወለጋ፣ ከግምቢ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የሚስዮን ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የጤና ጣቢያው የጄኔሬተር ኃላፊ ነበሩ። በዚያን ዘመን በአካባቢው መብራት የሚታየው በዚያ ግቢ ብቻ ነበርና የሚበራበትንም የሚጠፋበትንም ሰዓት የሚወስኑት አቶ ዋቅቶላ ነበሩ። ምሽት ላይ ሞተሩን ከማጥፋታቸው በፊት መብራቱን አንዴ ቦግ እልም ያደርጉታል። ይህን ያየ ሁሉ የያዘውን ይጨርሳል፤ ነርሶቹ ፋኖስ ይለኩሳሉ፣ አስታማሚዎች ወደየበሽተኛቸው ይጠጋሉ። ትንሿ አስቴር መብራቱ ለምን ዝም ብሎ እንደማይጠፋ ሲጠይቁ አባታቸው፣ «መብራት ከሰው ላይ ስትወስጂ አስቀድመሽ ንገሪ» ብለው መለሱላቸው። ወይዘሮ አስቴር ይህን ቃል ሲያወሱ ሁልጊዜ የአባታቸውን ወፍራም ድምፅ እየቀዱ ስለነበር፣ አያታቸውን አይተው የማያውቁት ልጆቻቸው ሳይቀሩ ድምፁን የሚያውቁት ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚኖሩት አጎታቸው ቤት ተቀምጠው ሁለተኛ ደረጃን ለመማር መጡ። አማርኛቸው በወለጋ ቃና የተሞላ ስለነበር በክፍል ውስጥ ይሳቅባቸው እንደነበረ፣ በዚህም ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ እጃቸውን ሳያወጡ መቆየታቸውን ይናገሩ ነበር። ያን ያህል ዝም ያለች ልጅ ኑሮዋን በድምፅዋ ትመራለች ብሎ ማንም አልገመተም። ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ በጽሕፈትና ቢሮ አስተዳደር ተመርቀው በ1976 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩ።

በ1980 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ከአቶ ኮርሳ ተሊላ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ኑሯቸውን መካኒሳ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ መሠረቱ። ኤልዳድንና ምስጢርን ወለዱ። አቶ ኮርሳ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ቀኑን ሙሉ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲነጋገሩ ውለው ቤት ሲገቡ ቃል እንደማይተርፋቸው ያውቁ ስለነበር፣ እራት እስኪቀርብ ድረስ ምንም ሳይጠይቋቸው አብረዋቸው ይቀመጡ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለዩ ወይዘሮ አስቴር ከሁሉ ይልቅ የናፈቁት ያንን ዝምታ እንደነበር ተናግረዋል።

በ1990 ዓ.ም. የከተማችንን ደቡባዊ ሰፈሮች መብራት የሚያከፋፍለው የጮራ ድርጅት በመካኒሳ ቅርንጫፉ የአደጋ ጥሪ ክፍል ሲከፍት፣ ወይዘሮ አስቴር ከመጀመሪያዎቹ ስልክ ተቀባዮች አንዷ ሆነው ገቡ፤ ቆይተውም የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሽቦ ሲወድቅ፣ ፖል ሲያዘነብል፣ ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ሰው ይደውላል፤ እሳቸው ያነሳሉ። ነገር ግን ወይዘሮ አስቴር ከሆስፒታል ይዘውት የመጡት አንድ ልማድ ነበር። ደዋዩን የቆጣሪ ቁጥርም ሆነ ስም አይጠይቁም። መጀመሪያ የሚጠይቁት ሰው የት እንደቆመ ነው። ሁሉም ከሽቦው እንዲርቅ ካደረጉ በኋላ፣ «አይዝጉ፤ እኔም አልዘጋም» ይላሉ። የጥገና ሠራተኞች ደርሰው ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ድረስም ስልኩ አይዘጋም።

ይህን ማድረግ የቻሉት በመስኮቱ ምክንያት ነበር። የአደጋ ጥሪ ክፍሉንና የጥገና ክፍሉን የሚለየው ግድግዳ አንድ ተንሸራታች የመስታወት መስኮት ነበረው። ከመስኮቱ ወዲያ የጥገና ቡድን መሪው አቶ ኑሪ ሸምሱ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ አስቴር ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መካከል ይዘው በቤታቸው ቁልፍ መስታወቱን ሲያንኳኩ፣ አቶ ኑሪ ሻያቸውን አስቀምጠው ይነሳሉ። ጥያቄ ካላቸው በመስኮቱ ይጠይቃሉ፤ ወይዘሮ አስቴር ደዋዩን ጠይቀው ይመልሱላቸዋል። የደነገጠውን ሰው ድምፅ፣ ሽቦውን ሊቆርጥ ከሚሄደው ሰው ጆሮ የሚለየው አንድ መስታወት ብቻ ነበር።

ሁለቱ ሲቀላለዱ ለማያውቃቸው የተጣሉ ይመስሉ ነበር። አቶ ኑሪ መስታወቱ የተሰበረ ዕለት የሚጠየቁት «አስቱ» እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ ለቢሮው ሁሉ ሲያስታውቁ፣ ወይዘሮ አስቴር ደግሞ አንተ ሰውዬ፣ ቶሎ ብትነሳ ማን ያንኳኳል ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ከብስራተ ገብርኤል ደውለው ሽቦ መውደቁን እየተንቀጠቀጡ ተናገሩ። ወይዘሮ አስቴር እንደ ልማዳቸው ሳይዘጉ አጽናንተው ቆዩ። አቶ ኑሪ ከቦታው ሲመለሱ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው፣ «አስቱ፣ ሽቦውን አገኘነው። ሁለት ካልሲና አንድ ሱሪ ተሰጥቶበታል» አሉ።

ወይዘሮ አስቴር ቀና ሳይሉ፣ «ካልሲው ደርቋል?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ታሪክ አቶ ኑሪ በየሠርጉና በየለቅሶው ሲያወሩት ኖረዋል። ሁልጊዜ የሚጨርሱት ግን ሳይስቁ ነው፤ በዚያም ቀን ቢሆን አስቱ ስልኩን የዘጉት ልብስ ማስጫ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነበር ይላሉ።

ዓመት ዓመትን ሲተካ ይህ ልማድ ከቢሮው ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ገባ። በመካኒሳ፣ በለቡና በላፍቶ አካባቢ ያለ ሰው፣ የአደጋው ስልክ ሲዘጋ ኃይሉ ተቋርጧል ማለት መሆኑን ማንም ሳያስተምረው ያውቅ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ከደጅ ሲከለክሉ ቆይተው «አስቴር ዘጋች፤ ውጡ» የሚሉበት ጊዜ ነበር፤ ስልኩን ያነሳው ሌላ ሠራተኛ ቢሆንም እንኳ። በቤታቸውም ልጆቻቸው የሚያውቋት አንዲት ቃል ነበረች። በበዓል ቀን ተረኛ ሆነው ከቤት ሲደወልላቸው፣ «ቆዩ፣ ሰው አለብኝ» ይላሉ። ልጆቹ በልጅነታቸው ይህ «ሰው» የሚባለው ማን እንደሆነ እያሰቡ ይቀኑበት ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ድርጅቱ የስልክ አገልግሎቱን በሙሉ ለሌላ ኩባንያ በውል ሰጠ። ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም ነበር። ደንበኛው በዝቷል፣ መስመሩ ይጨናነቃል፣ ስለ ቢል የሚጠይቅ ሰው ግማሽ ቀን ይጠብቃል። ኩባንያው በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ባለ ፎቅ ላይ ብዙ ወጣቶችን አስቀምጦ ቢሉንም፣ አዲስ ቆጣሪውንም፣ አደጋውንም በአንድ አጭር ቁጥር እንዲመልሱ አደረገ። ወይዘሮ አስቴር በስብሰባው ላይ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቢሉንም ቆጣሪውንም ይውሰዱት። አደጋውን ግን እዚህ መስኮቱ ጋ ተዉልን።» ውሉ አንድ ላይ መሆኑ፣ ተለይቶ የሚቀር ነገር አለመኖሩ በትሕትና ተነገራቸው።

ወጣቶቹን እንዲያሠለጥኑ ሲጠየቁ እሺ አሉ። ስለ ልጆቹ ክፉ ሲናገሩ የሰማ የለም። የተማሩ፣ ትሑት፣ ድምፃቸው የሚጣፍጥ ልጆች ናቸው ይሉ ነበር። ከመካከላቸው ሀና የምትባለዋን በተለይ ወደዷት፤ ደፍራ የምትጠይቅ ነበረች። ሀና አንድ ቀን በሥልጠናው መካከል፣ እትዬ አስቴር፣ ጥሪው ከተወሰነለት ጊዜ ካለፈ እኛ ላይ ይያዝብናል፤ እንዴት ነው ሳንዘጋ የምንቆየው አለቻቸው።

«ሰውየው ሽቦው አጠገብ ቆሞ ቢሆንስ?»

«እሱ አልተጻፈም» አለች ሀና።

ወይዘሮ አስቴር በዚያ ምሽት እራታቸውን አልበሉም። እሳቸው ሃያ ዓመት ያህል በሥራቸው የተመሰገኑት ባለመዝጋታቸው ነበር። ልጆቹ ደግሞ የሚመሰገኑት ቶሎ በመዝጋታቸው ሊሆን ነው። ጥሪውም ቢሆን ተጽፎ ወደ ቅርንጫፉ ሲደርስ፣ ደዋዩ ከመስመሩ ወጥቷልና የጥገናው ሰው የሚጠይቀው አያገኝም። ይህን ለኃላፊዎቹ አስረዱ፤ ተደመጡ፤ ነገር ግን ምንም አልተለወጠም። እሳቸውም ጡረታቸው እስኪደርስ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። መስኮቱ ተዘግቶ በፊቱ የፋይል መደርደሪያ ቆመበት። አቶ ኑሪ ከመደርደሪያው ጀርባ ተቀምጠው አንዳንዴ በልማድ ወደ ግድግዳው ቀና እንደሚሉ፣ ከዚያም ሻያቸውን ሳያቋርጡ ጠጥተው መጨረሳቸው እንደሚያናድዳቸው ይናገራሉ።

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ፣ ከአቦ ወረድ ብሎ ባለ ሱቅ አጠገብ ዝናብና ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥሎ ሽቦ በቆርቆሮ አጥር ላይ ወደቀ። የሱቁ ባለቤት አቶ ያሕያ ረዲ ጎረቤቱን ሁሉ ካራቁ በኋላ በአጭሩ ቁጥር ደወሉ። ሙዚቃ እየሰሙ ቆዩ። በመጨረሻ ያነሳችው ልጅ በትሕትና የውል ቁጥራቸውን ጠየቀቻቸው፤ ቦታውን ነገሯት፤ ጥያቄያቸው መመዝገቡን ነግራ አመስግና ዘጋች። በእሷ በኩል የተመዘገበው የመብራት መቋረጥ ነበር። አቶ ያሕያ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የመካኒሳ ሰው ናቸው። የስልኩን መዘጋት ሰሙ፤ ሰላም ሆነ ማለት ነው ብለው አመኑ፤ ዝናብ ወደ ሸቀጣቸው የሚያስገባውን የአጥሩን ቆርቆሮ ለማቃናት እጃቸውን ዘረጉ።

ጎረቤት በደረቅ እንጨት መትቶ ከሞት አተረፋቸው። ቀኝ እጃቸው ግን ሊተርፍ አልቻለም።

ወይዘሮ አስቴር ሆስፒታል ሄደው ሲጠይቋቸው፣ አቶ ያሕያ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «እትዬ አስቴር፣ ስልኩ ሲዘጋ እርስዎ የዘጉት መሰለኝ» አሏቸው። ለወቀሳ አልነበረም የተናገሩት፤ የሆነውን ለማስረዳት ነው። ወይዘሮ አስቴር ስልኩን ያነሳችው ማን እንደሆነች ጠይቀው አያውቁም፤ ሊነግሯቸው የሞከሩትንም አስቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልባቸው ያሰቡት ስለሌላ ነገር ነበር። ሰፈሩን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ደግሞ ያ ትምህርት ሰው ላይ ጉዳት አድርሷል።

ስለዚህ ያስተማሩትን ለማስረሳት ተነሡ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው አሁን ያርፋሉ ብለው ነበር። እሳቸው ግን በየእድሩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ጥቂት ጊዜ እየለመኑ ይነሱ ጀመር። በቤተ ክርስቲያናቸው ከአምልኮ በኋላ፣ በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን፣ ለቅሶ ቤትም ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አንዲት ነገር ይናገራሉ፦ ስልኩ ቢዘጋም ሽቦውን አትንኩ፤ የጥገና ሰው መጥቶ በዓይናችሁ እስክታዩት ድረስ ራቁ። አቶ ያሕያም ድነው ከተነሱ በኋላ ከአርብ ስግደት ሲወጡ ለሚገናኛቸው ሁሉ ያንኑ ይነግሩ ነበር። እሳቸው ሲናገሩ ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም ነበር።

አንድ የእድሩ ሽማግሌ ወይዘሮ አስቴር እንደገና ሲነሱ አይተው፣ «አስቴር፣ ጡረታ ወጥተሽም ስልኩን አልዘጋሽም?» ብለው ሰዉን አሳቁ።

«ቆዩ ጋሼ፣ ሰው አለብኝ» አሉ ወይዘሮ አስቴር፤ ቤቱም ከሳቀ በኋላ አደመጣቸው።

ወደ ድርጅቱም መመላለስ አላቆሙም። ጥያቄያቸው አንድና ያው ነበር፤ አደጋው ወደ መስኮቱ ይመለስ። የጥበቃ ሠራተኞቹ ወንበር ያቀርቡላቸዋል፣ ኃላፊዎቹም ሻይ ያዝዙላቸዋል፣ ውሉ ሲያልቅ ይታያል ይሏቸዋል። ቅሬታ አልነበራቸውም፤ ናፍቆት ነበራቸው። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርጋሉ። የሚጠብቁት ጥሪ እንደሌለ እያወቁ ስልካቸውን ወደሚሰማ ቦታ ያቀርባሉ። ጠረጴዛው ላይ የቤቱ ቁልፍ ካለ ሳያስቡት አንስተው ቀስ ብለው ያንኳኳሉ። በዚያች ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ዛሬም ዝናብ ሲሰማ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን የቁልፍ ድምፅ ነው።

ወይዘሮ አስቴር በልብ ሕመም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መታከም ጀመሩ። ሐኪሞች ደረጃ መውጣትና መቆም ሲከለክሏቸው እድሩ ለእሳቸው ብቻ ብሎ ስብሰባውን ወደ ግቢያቸው አመጣላቸው። አቶ ኑሪ ከሥራ ሲወጡ ጎራ ይላሉ። በር በእጃቸው ማንኳኳት ትተው በቁልፍ ማንኳኳት የጀመሩት በዚያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ አስቴር ከአልጋቸው፣ ሻይህን አስቀምጠህ ግባ ይሏቸዋል።

በዚህ ዓመት በመስከረም ሀና ልትጠይቃቸው መጣች። የአደጋው ጥሪ ከቢሉ ተለይቶ ለብቻው ቁጥር እንደተሰጠው፣ በእሱ ላይ ለሚሠሩት ሰዓት መቆጠር እንደቀረ፣ እሷም በዚያ ላይ እንደተመደበች በደስታ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አስቴር እጇን ይዘው ብዙ መረቋት። ከዚያ ቆየት ብለው፣ «መስኮቱስ?» አሏት።

ሀና እሱ ገና መሆኑን ነገረቻቸው።

«ይሁን» አሉ። «እናንተ አትዝጉ እንጂ መስኮቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።»

መስኮቱ ዛሬም መደርደሪያ ቆሞበታል። ቤተሰቡ ይህን እዚህ የጻፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። እሳቸው ቢኖሩ፣ ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ሳለ ይህን ሳይናገሩ እንደማይቀሩ ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ ከቀብር ተመልሳችሁ ቤታችሁ ስትገቡ ለልጆቻችሁ ንገሩልን። የስልኩ መዘጋት ዋስትና አይደለም፤ ሰው መጥቶ እስክታዩ ድረስ ራቁ።

ኅዳር 12 ቀን፣ አርብ፣ ሕመሙ በረታባቸው። ልጃቸው ኤልዳድ ከሚሠራበት ከሐዋሳ በአውቶቡስ ተነሥቶ ሲደውል ወይዘሮ አስቴር መናገር እየከበዳቸው ነበር። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጋ ለያዘችላቸው ለምስጢር በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ድምፅ ማጉያው ላይ እንድታደርገውና ትራሳቸው አጠገብ እንድታስቀምጠው አደረጉ። ከዚያ ሁሉም በሰማው ድምፅ፣ «አትዝጋ ልጄ፤ እኔም አልዘጋም» አሉ። ኤልዳድ መንገዱን ሁሉ ከእናቱ ትንፋሽ ጋር መጣ። ዝዋይ ላይ የሻጮችን ድምፅ አሰማቸው። ሞጆ ሲደርስ ሞጆ ደረስኩ አላቸው። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ አጠገቡ የተቀመጡት እናት፣ ቻርጅህ እንዳያልቅ ብለው ከቦርሳቸው ፓወር ባንክ አውጥተው እንደሰጡት፣ የማን ጥሪ እንደሆነም እንዳልጠየቁት ኋላ ላይ ተናግሯል።

አመሻሽ ላይ ስልኩን በጆሮው እንደያዘ በሩን ከፍቶ ገባ። ወይዘሮ አስቴር አዩት። እጃቸውን ወደ ትራሳቸው ሰደው ስልኩን ፈለጉ፤ ምስጢር አቀረበችላቸው። የዘጉት ራሳቸው ነበሩ። መካኒሳ ለብዙ ዓመታት እንደሚያውቀው፣ እሳቸው ስልክ የሚዘጉት የሚጠበቀው ሰው ሲደርስና ሁሉም ሰላም ሲሆን ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ልጆቻቸው በግራና በቀኝ ተቀምጠው ሳሉ፣ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ተሰበሰቡ።

ወይዘሮ አስቴር ልጆቻቸውን ኤልዳድ ኮርሳንና ምስጢር ኮርሳን፣ ከኤልዳድ ያዩዋቸውን ሁለት የልጅ ልጆች እንዲሁም በወለጋ የሚኖሩ ሁለት ታናናሽ እኅቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። አቶ ኑሪ ሸምሱ፣ አቶ ያሕያ ረዲና ወይዘሪት ሀና ዛሬ በቤተሰቡ ወንበር የተቀመጡት በወይዘሮ አስቴር ፈቃድ ነው። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመማችሁ፣ የጸለያችሁ፣ ዱዓ ያደረጋችሁ የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ፣ የእድራችን አባላትና የቤተ ክርስቲያን ወገኖች፣ ውለታችሁን ቤተሰቡ አይረሳም።

ጨለማ ሳይመጣ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ፣ የሚጠሩትንም እስከ መጨረሻው የማይተው እግዚአብሔር፣ አገልጋዩን አስቴርን በብርሃኑ ውስጥ ያሳርፍልን። ለቀረነውም፣ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ለምንናፍቃቸው፣ እሱ ጆሮውን ያዘንብልልን። አሜን።